ረግረግ ያቆየው የእንጨት መንገድ ስለ ጥንት ሰዎች ምን ይመሰክራል?

ከክርስቶስ ልደት በፊት (ቅ.ል.ክ.) በ3807 ማብቂያና በ3806 መግቢያ ላይ በነበረው የብርድ ወቅት፣ ዛሬ ሶመርሴት በሚባለው የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ግዛት፣ የድንጋይ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ወደ ጫካ ገቡ። ዛፍ ጣሉ፤ ግንዱን በሽብልቅ ሰንጥቀው ሳንቃ አወጡ፤ ሳንቃውን ረግረጉ ዳር አደረሱ። ከዚያም አንዱን ደረቅ መሬት ከሌላው የሚያገናኝ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የእግረኛ መንገድ በውሃው ላይ ዘረጉ። በዚያን ጊዜ የግብፅ ታላቁ ፒራሚድ ሊሠራ ገና ከ1200 ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። እነዚህ ሰዎች ብረት አያውቁም፤ ጽሕፈት አልነበራቸውም፤ ስማቸውንም ቋንቋቸውንም የሚነግረን የለም። እንጨታቸው ግን ቀርቷል። ዛሬ ስዊት ትራክ የሚባለው ይህ መንገድ ስለ ጥንት ሰው የያዝነውን ግምት እንደገና እንድንመዝን ያስገድደናል። የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ይኸው ነው፦ የጥንቱን ሰው ኋላ ቀር ያስመሰለብን የእጁ ሥራ አብዛኛው እንጨት ሆኖ መበስበሱ ነው። ሳይበሰብስ በተገኘበት ቦታ የምናየው ዕቅድ፣ ዕውቀትና ትብብር ነው። ስለዚህ እንጨቱን ያቆዩልን ረግረጎች እንደ ማንኛውም ቤተ መዛግብት ሊጠበቁ ይገባል።

ቦታው ሶመርሴት ሌቭልስ ይባላል። ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ የማይል ዝቅተኛ ሜዳ በመሆኑ ለብዙ ሺህ ዓመታት ውሃ ሲተኛበት ኖሯል። በየመካከሉ ከውሃው በላይ ብቅ ያሉ ደረቅ ጉብታዎች አሉ፤ ዌስትሄይ የሚባለው አንዱ ነው። በደቡብ በኩል ደግሞ የፖልደን ኮረብታዎች ይገኛሉ። ስዊት ትራክ የተዘረጋው በእነዚህ ሁለት ደረቅ ቦታዎች መካከል ነው። በእንዲህ ዓይነት ስፍራ ሸምበቆና ሌሎች ዕፅዋት ሲሞቱ ውሃ ውስጥ ስለሚወድቁ ሙሉ በሙሉ አይበሰብሱም። ቅሪታቸው በየዓመቱ እየተደራረበ ጥቁር ቡናማ የሆነ፣ ፒት የሚባል ወፍራም ንብርብር ይሠራል። ፒት ሲደርቅ ስለሚነድ በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ለማገዶ ተቆፍሯል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ለአትክልተኞች የሚሸጥ አፈር ሆኖ በብዛት ይመረት ጀመር። በ1970 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሬይ ስዊት የተባለ የፒት ማምረቻ ሠራተኛ ቦይ ሲጠርግ ከፒቱ ሥር ጠንካራ ሳንቃ ገጠመው። የግኝቱ ወሬ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት ለነበሩት ለጆን ኮልስ ደረሰና ቁፋሮ ተጀመረ። መንገዱም በአግኚው ስም ተጠራ። ከ1973 ጀምሮ ጆን ኮልስና ብራዮኒ ኮልስ የመሩት የሶመርሴት ሌቭልስ ፕሮጀክት አካባቢውን ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ያለማቋረጥ ሲያጠና ቆየ።

የሙግቱ ዋና ማስረጃ ያለው በአሠራሩ ላይ ስለሆነ በቅደም ተከተል ማየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ረጃጅም አጣናዎች በረግረጉ ወለል ላይ ጫፍ ለጫፍ እየተገናኙ ተጋደሙ። ቀጥሎ ጫፋቸው የተሾለ ካስማዎች ከአጣናው ግራና ቀኝ በሰያፍ ተመቱ። ሁለቱ ካስማዎች ከአጣናው በላይ ሲተላለፉ የላይኛው ጫፋቸው ተከፍቶ ሳንቃ የሚቀመጥበት መደገፊያ ይሆናል። ሳንቃው በዚያ ላይ ተጋደመ። እንዳይንሸራተትም ጫፉ ላይ ቀዳዳ ወይም ጥርብ ወጥቶለት፣ ቀጭን ችካል በዚያ አልፎ ወደ ታች ተመታ። ሳንቃዎቹ እስከ 3 ሜትር የሚረዝሙ፣ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፉ ናቸው፤ ውፍረታቸው ግን ከ5 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነው። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ሥራ አለው። አጣናው ክብደቱን በለስላሳው መሬት ላይ ያከፋፍላል፤ ካስማው ሳንቃውን ከውሃው በላይ ያነሣል፤ ችካሉ መላውን ነገር ቦታ ያስይዛል። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ ነው፤ ጠባብ በመሆኑም ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም ጭቃው አልዋጠውም። ይህ በአንድ አጋጣሚ ሙከራ የሚገኝ መፍትሔ አይደለም። ረግረጉን የሚያውቁ፣ እንጨት ከጭቃ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን ደጋግመው ያዩ ሰዎች ሥራ ነው።

አንባቢ ከ5800 ዓመት በፊት የሆነን ነገር እስከ ወቅቱ ድረስ እንዴት ማወቅ ይቻላል ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። መልሱ ያለው ዛፉ ውስጥ ነው። ብርድና ሙቀት በሚፈራረቁበት አገር የበቀለ ዛፍ በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዓመቱ ከተስማማው ቀለበቱ ይሰፋል፤ ካልተስማማው ይጠባል። በአንድ አካባቢ የበቀሉ ዛፎች አንድ ዓይነት የአየር ጠባይ ስለሚያሳልፉ የቀለበቶቻቸው ሰፊና ጠባብ ቅደም ተከተል ይመሳሰላል። ሳይንቲስቶች ከዛሬ ዛፍ ተነሥተው ወደ አሮጌ የቤት ወራጅ፣ ከዚያም በረግረግ ወደተቀበረ ግንድ እያያያዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን የሚሸፍን ሰንጠረዥ ሠርተዋል። የስዊት ትራክ ሳንቃዎች ቀለበት ከዚህ ሰንጠረዥ ጋር ሲመሳከር፣ ጄኒፈር ሂላምና ባልደረቦቿ በ1990 ባወጡት ጥናት ላይ ቀኑ ተረጋገጠ። እስከ ቅርፊቱ ድረስ የተሟሉት እንጨቶች የመጨረሻ ቀለበት፣ ዛፎቹ የተቆረጡት ከ3807 ወደ 3806 ቅ.ል.ክ. በሚሻገረው የብርድ ወቅት መሆኑን ያሳያል። ይህ ተራ የቀን ቁጥር ብቻ አይደለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመንገዱ የተዘጋጀው እንጨት በአንድ ወቅት ከተቆረጠ፣ ሥራው በአንድ ውሳኔ ተጀምሮ በአንድ ዘመቻ ያለቀ ነበር ማለት ነው። ከጎኑ ፖስት ትራክ የሚባል ሌላ መንገድ ተገኝቷል፤ የእሱ እንጨት የተቆረጠው በ3838 ቅ.ል.ክ. ነው። ስለዚህ ስዊት ትራክን የሠሩት ሰዎች ከ30 ዓመት በፊት በዚያው መስመር ላይ የተሠራ ሥራ ነበራቸው፤ ከእሱም እንጨት አንሥተው ለአዲሱ ተጠቅመዋል። ልምድ ከአንዱ ትውልድ ወደ ቀጣዩ ተላልፏል።

የእንጨቱ ምርጫ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገራል። ለሳንቃው በዋናነት የተመረጠው ኦክ ነው፤ ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ለአጣናና ለካስማ ደግሞ ሄዘል፣ አሽና አልደር የሚባሉ ሌሎች የአውሮፓ ዛፎች ገብተዋል። መጋዝ ስላልነበረ እስከ አንድ ሜትር የሚወፍረውን የኦክ ግንድ ከመሃሉ ወደ ቅርፊቱ በሽብልቅ እየከፈሉ ቀጭን ሳንቃ ማውጣት ግድ ነበር። ይህን የሚያደርግ ሰው የእንጨቱን መስመር ማንበብ አለበት፤ አንድ የተሳሳተ ምት ሳንቃውን ያበላሻል። ከሳንቃዎቹ አንዳንዶቹ ወደ 400 ዓመት ከሚጠጉ አሮጌ ዛፎች፣ ሌሎቹ ደግሞ ከእነሱ እጅግ ከሚያንሱ ወጣት ዛፎች የወጡ ናቸው። የቀጫጭኖቹ ካስማዎች ዕድሜና ቅርጽ ሲጠና ከሁሉ የሚያስደንቀው ነገር ታየ፤ ብዙዎቹ ቀጥ ያሉ፣ መጠናቸው የተቀራረበ፣ ከተቆረጠ ዛፍ ጉቶ ላይ ያቆጠቆጡ ቅርንጫፎች ነበሩ። የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው ሲተው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለማገርና ለአጣና የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት እንደሚሰጠው ሁሉ፣ ሄዘልም ሲቆረጥ እንደገና ያቆጠቁጣል። የዚያን ዘመን ሰው ጫካውን እየመነጠረ ብቻ ሳይሆን ነገ የሚፈልገውን እንጨት እያሰበም ይኖር ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። የመጀመሪያው ከራሳቸው ከአጥኚዎቹ ግምት የመጣ ነው። እንጨቱ ሁሉ ተዘጋጅቶ ቦታው ከደረሰ፣ አሥር ሰዎች መንገዱን በአንድ ቀን ሊዘረጉት ይችሉ እንደነበር ገምተዋል። እንግዲህ የአንድ ቀን ሥራ የሆነን ነገር የታላቅ ዕቅድ ምስክር ማድረግ ማጋነን አይሆንም ወይ? እኔ ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። ዝርጋታው አንድ ቀን ብቻ ሊፈጅ የሚችለው ከዚያ በፊት ያለው ሥራ በሙሉ ስላለቀ ነው፦ ዛፍ መምረጥ፣ መጣል፣ መሰንጠቅ፣ ካስማ ማሾል፣ ሳንቃ መብሳት፣ ማጓጓዝ፣ በየዓይነቱ ለይቶ ማስቀመጥ። መንገዱ በረግረጉ መካከል እየታሰበ የተሠራ ቢሆን ኖሮ ቀናት ሳይሆን ወራት በፈጀ ነበር። ፍጥነቱ ራሱ የዕቅዱ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ የተፈጥሮ ነው። ቢቨር የሚባለው ውሃ ዳር የሚኖር እንስሳ በጥርሱ ዛፍ ይቆርጣል፤ እሱ የቆረጠው ዛፍም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ የሰው አያያዝ ምስክር ነው ብሎ መደምደም ይከብዳል። ይህ ተቃውሞ ተገቢ ነው፤ በሶመርሴት ረግረግ የቢቨር ጥርስ ያረፈበት እንጨት በእርግጥ ተገኝቷል፤ ብራዮኒ ኮልስም በኋላ ስለ ቢቨሮች ሰፊ ጥናት አድርገዋል። ስለዚህ አንዱን ቅርንጫፍ ለብቻው ወስዶ መፍረድ አይቻልም። ነገር ግን ቢቨር ኦክን በሽብልቅ አይሰነጥቅም፤ ሳንቃ አይበሳም፤ ለካስማ አንድ ዓይነት፣ ለሳንቃ ሌላ ዓይነት ዛፍ አይመርጥም። የቅርንጫፉ ምንጭ ቢያጠራጥር እንኳ የመንገዱ ሐሳብ አያጠራጥርም።

በመንገዱ ዳር የተገኙት ዕቃዎች ደግሞ ሰዎቹ ምን ያህል ሰፊ ዓለም ውስጥ ይኖሩ እንደነበር ያሳያሉ። የሸክላ ዕቃዎች ተገኝተዋል፤ አንደኛው በውስጡ የሄዘል ፍሬ ነበረው። ከባልጩት የተጠረቡ የቀስት ጫፎች፣ የቀስት ስባሪዎችና ሌሎች ከእንጨት የተሠሩ መገልገያዎችም ወጥተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ አረንጓዴ የድንጋይ መጥረቢያ ነው። የተሠራበት ጄዳይት የሚባል ጠንካራ ድንጋይ በእንግሊዝ አይገኝም፤ የመጣው ከአልፕስ ተራሮች፣ ማለትም አሁን ሰሜን ጣሊያን ከሚባለው አካባቢ ነው። መጥረቢያው እንደ መስታወት እስኪያበራ ተወልውሏል፤ ሥራ ላይ የዋለበት ምልክት የለውም። ከአልፕስ እስከ ሶመርሴት ያለው ርቀት ከ1000 ኪሎ ሜትር የማያንስ ሲሆን በመካከሉ ባሕር አለ። ድንጋዩ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከማኅበረሰብ ወደ ማኅበረሰብ እየተሻገረ እዚያ ደርሷል። ከአንድ መንገደኛ እጅ ወድቆ ይሆን ወይስ ለመንፈሳዊ ስጦታ ሆን ተብሎ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ? ብዙ ተመራማሪዎች ወደ ሁለተኛው ያደላሉ፤ ምክንያታቸውም ያልተሠራበትና እጅግ ውድ የሆነ ዕቃ በመንገዱ ዳር መገኘቱ ነው። የወደቀ ዕቃ ቢሆን ግን ባለቤቱ ለምን ተመልሶ አልፈለገውም ተብሎ ይጠየቃል፤ ጥልቅ ጭቃ ውስጥ የገባ ዕቃ አይገኝምና መልሱ አያስቸግርም። በሁለቱም መልክ ቢሆን ዋናው ነገር አይለወጥም፤ በረግረግ ዳር የሚኖረው ሰው ድንጋይ ከአልፕስ በሚመጣበት ዓለም ውስጥ ድርሻ ነበረው።

አንድ መንገድ ብቻ ይዞ ስለ አንድ ዘመን ሁሉ መናገር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄም መልስ ይሻል። መልሱም ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። በጀርመን ታችኛው ሳክሶኒ ከ4500 ቅ.ል.ክ. በፊት የተሠራ የእንጨት መንገድ ካምፔሞር በሚባል ረግረግ ተገኝቷል፤ በዚያው ግዛት ከተለያዩ ዘመናት የመጡ በርካታ ሌሎች የረግረግ መንገዶች ተመዝግበዋል፤ ሃዮ ሃየን የተባሉት ተመራማሪ ሕይወታቸውን ለዚህ ጥናት ሰጥተዋል። በአየርላንድ በ1984 በሎንግፎርድ አውራጃ ኮርሊያ በሚባል ስፍራ ከፒት ማምረቻ ሥር ሌላ መንገድ ወጣ። ባሪ ራፍተሪ የመሩት ቁፋሮ መንገዱ በ148 ቅ.ል.ክ. ከኦክ እንደተሠራ አረጋገጠ። ይህኛው ለእግረኛ ብቻ ተብሎ የተሠራ አይመስልም፤ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር የሚረዝሙ ከባድ ሳንቃዎች በወርድ ተደርድረው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃሉ፤ ሰረገላ ሊያሳልፍ የሚችል ስፋት አለው። ነገር ግን በራሱ ክብደት ምክንያት በአጭር ጊዜ ውስጥ ጭቃው ዋጠው። ይህ ውድቀት ራሱ ትምህርት ይሰጣል፦ ስዊት ትራክን የሠሩት የድንጋይ ዘመን ሰዎች ከ3600 ዓመት በኋላ በብረት መሣሪያ ከሠሩት ይልቅ ለረግረጉ የሚስማማ ክብደት መርጠው ነበር። ዘመን ሲገፋ ሁሉ ነገር ይሻሻላል የሚለውን ቀላል ሐሳብ ይህ ንጽጽር ያሰናክለዋል።

ከአፍሪካ የተገኘው ማስረጃ ደግሞ ሙግቱን ከአውሮፓና ከእርሻ ዘመን ያሻግረዋል። በ2023 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት፣ በዛምቢያና በታንዛኒያ ድንበር በሚገኘው የካላምቦ ፏፏቴ አጠገብ ስለተገኙ እንጨቶች ጥናት አወጣ። የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው ላሪ ባርሃም የመሩት ቡድን ሁለት ግንዶችን አገኘ፤ አንደኛው በሌላው ላይ እንዲያርፍ ሆን ተብሎ ተጠርቦ ተገጥሟል። ዕድሜው ቢያንስ 476,000 ዓመት ነው። ይህ ዛሬ ያለው የሰው ዝርያ፣ ሆሞ ሳፒየንስ፣ ከመታየቱ በፊት ነው። ግንዶቹ የመረማመጃ፣ የመድረክ ወይም የሌላ ግንባታ ክፍል ይሁኑ ተመራማሪዎች ገና ይከራከሩበታል፤ ስለዚህ ካላምቦን የመንገድ ማስረጃ አድርጎ መጥራት አይገባም። ለሙግቱ የሚጠቅመው ግን ዓላማው አይደለም። ሁለት ግንድ ገጣጥሞ አንድ ነገር የሚሠራ ሰው ከአእምሮው ውስጥ ያለ ቅርጽ ይዞ ይሠራል። ይህን ያህል ያረጀ እንጨት ሊደርሰን የቻለው ደግሞ በአንድ ምክንያት ነው፤ አካባቢው ውሃ ያልተለየው ስለሆነ።

ታዲያ ለዚህን ያህል ጊዜ ይህን ሳናይ ለምን ቀረን? መልሱ በከፊል የዘመን አከፋፈላችን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቶምሰን የኮፐንሃገንን ቤተ መዘክር ዕቃዎች ሲያደራጁ ጥንትን የድንጋይ፣ የነሐስና የብረት ዘመን ብለው ከፈሉት። አከፋፈሉ ጠቃሚ ነበር፤ እስከ ዛሬም ያገለግላል። ነገር ግን ያረፈው በቤተ መዘክር ውስጥ በተገኘው ዕቃ ላይ ነው፤ በቤተ መዘክር የተገኘውም በዋናነት ሳይበሰብስ የቀረው ነው። ድንጋይ ይቀራል፤ እንጨት፣ ቆዳ፣ ገመድና ቅርጫት ይጠፋሉ። ስለዚህ የአንድን ሕዝብ ዕውቀት በድንጋዩ ብቻ መለካት ያልተሟላ ማስረጃ ይዞ መፍረድ ነው። ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአፋር ጎና የተገኙት የድንጋይ መሣሪያዎች 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ አላቸው፤ ኢትዮጵያ በሰው ዘር ታሪክ ያላት ስም በአብዛኛው በድንጋይና በአጥንት ላይ ቆሟል። የእንጨት ሥራ አለመገኘቱ ግን እንዳልነበረ አያረጋግጥም፤ ደረቅና ሙቅ መሬት እንጨትን አያቆይም። በእርግጥ ከዚህ ተነሥቶ ያልተገኘ ነገር ሁሉ ነበረ ማለትም ስህተት ነው። ትክክለኛው አቋም ያልተገኘውን ነገር ለመካድም ለማጽደቅም አለመቸኮል፣ ሊገኝ የሚችልባቸውን ቦታዎች ግን በትጋት መጠበቅ ነው።

ረግረግ እንጨትን የሚያቆየው እንዴት እንደሆነ ማወቅ የጥበቃውን አስፈላጊነት ግልጽ ያደርገዋል። እንጨትን የሚያበሰብሱት ፈንገሶችና ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ኦክሲጅን ይፈልጋሉ። በውሃ በተሞላ ፒት ውስጥ ኦክሲጅን በጣም ጥቂት ስለሆነ ሥራቸውን መሥራት አይችሉም። ጥፋቱ ጨርሶ አይቆምም፤ በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ የእንጨቱ ውስጣዊ ጥንካሬ ይዳከማል፤ ክፍተቱን ግን ውሃ ስለሚሞላው ቅርጹ ሳይጠፋ ይቆያል፤ የመጥረቢያ ምት ምልክት እንኳ ይነበባል። ውሃው ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተዳከመው እንጨት ይሸበሸባል፤ ይሰነጠቃል፤ ከ5000 ዓመት በላይ የቆየው በጥቂት ወራት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ረግረግን ማድረቅ ማለት ማንም ያላነበበውን መዝገብ ማቃጠል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ነገር እነዚህ መንገዶች የተገኙበት መንገድ ራሱ ጥፋት መሆኑ ነው። ስዊት ትራክም ኮርሊያም የታዩት ፒት ስለተቆፈረ ነው። አንዳንዶች እንግዲህ ቁፋሮው ባይኖር ኖሮ ምንም አናውቅም ነበር ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ሠራተኛ ቆም ብሎ ላስተዋለው ለእያንዳንዱ ሳንቃ፣ ማሽን ሳይታወቅ የፈጨው ስንት እንደሆነ ማንም ሊቆጥር አይችልም።

እንግዲያው ሁሉንም አውጥቶ ቤተ መዘክር ማስገባት አይሻልም ወይ የሚለው ሐሳብ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ከውሃ የወጣ እንጨት በፖሊኢትሊን ግላይኮል መታከም አለበት። ይህ እንደ ሰም ያለ ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ የውሃውን ቦታ ይተካል፤ ሥራው ግን ብዙ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ ወጪውም ከባድ ነው። በዚህ መንገድ የስዊት ትራክ ክፍል በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል፤ የኮርሊያ መንገድ 18 ሜትር ያህልም በራሱ ቦታ በተሠራና በ1994 በተከፈተ አዳራሽ ውስጥ፣ እርጥበቱና ሙቀቱ ቁጥጥር እየተደረገበት ይታያል። ነገር ግን ኪሎ ሜትሮችን በዚህ መንገድ ማኖር አይቻልም። ከዚህም በላይ ዛሬ ያልታሰበ የምርምር ዘዴ ነገ ይመጣል፤ የዛፍ ቀለበት ንባብ በ1835 አቦትስ ዌይ የሚባለው ሌላው የሶመርሴት መንገድ ሲገኝ አልነበረም። ስለዚህ የተሻለው ዘዴ ባለበት እርጥብ አድርጎ ማቆየት ነው። በሻፕዊክ የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ለስዊት ትራክ አንድ ክፍል ውሃ በፓምፕ እየተሰጠ ከ1980ዎቹ ጀምሮ መሬቱ እንዳይደርቅ ተደርጓል። አንድ መንገድ ውሃ ውስጥ እንዲቀር መድከም ሥራ ላይመስል ይችላል፤ ጥቅሙ ግን እውነተኛ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የኑሮ ነው። ፒት ለብዙ የአየርላንድ ገጠር ቤተሰቦች ማገዶና ሥራ ነበር፤ ረግረግ ማጠንፈፍም ለብዙ አገር ገበሬዎች የእርሻ መሬት ሰጥቷል። የሚራብ ሰው ፊት ስለ አሮጌ ሳንቃ መናገር ተገቢ ነው ወይ? ይህን ጥያቄ በቸልታ ማለፍ ሐቀኝነት አይደለም። መልሱ ግን ረግረግ የሚያቆየው ሳንቃ ብቻ አለመሆኑ ነው። ፒት ያለባቸው መሬቶች ከዓለም የብስ 3 በመቶ ብቻ ሲሸፍኑ፣ የያዙት ካርበን ግን ከዓለም ደኖች ሁሉ ከተከማቸው ይበልጣል። ሲደርቁ ይህ ካርበን ወደ አየር ይወጣል። ውሃን ያጣራሉ፤ ጎርፍን ያዘገያሉ። በአየርላንድ የሆነው ነገርም ይህን ያሳያል፤ የመንግሥት የፒት ድርጅት ቦርድ ና ሞና በ2021 የፒት ምርቱን ማብቃቱን አስታውቆ ረግረጎችን መልሶ ወደማርጠብ ዞሯል። እንዲህ ያለ ለውጥ ለሠራተኛው ሌላ ሥራ ካላመጣ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ወጪውን መሸከም ያለበት አገሩ እንጂ የረግረግ ዳር ነዋሪው ብቻ አይደለም። ይህ ከተጠበቀ ግን ቅርስን መጠበቅና ኑሮን መጠበቅ አይጣሉም፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ውሃው ባለበት እንዲቆይ ነው።

ማስረጃው ሲደመር ፍርዱ ግልጽ ነው። ከ5800 ዓመት በፊት በረግረግ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ የዘረጉ ሰዎች ያልሠለጠኑ አልነበሩም፤ እንዲያ የመሰሉን የሥልጣኔያቸው ማስረጃ በአብዛኛው ስለበሰበሰ ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለኢትዮጵያም ይሠራል። በኢሉባቦር ረግረጎች ለበቆሎ እርሻ ሲጠነፈፉ ኖረዋል፤ በሌሎችም ክፍሎች ረግረጎች ወደ እርሻና ወደ ግንባታ ይለወጣሉ። እነዚህ ረግረጎች ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሳይጠና ማድረቅ ሊመለስ የማይችል ውሳኔ ነው። ረግረግ የሚነካ ማንኛውም ፕሮጀክት ሲታቀድ የውሃ መሐንዲስና የግብርና ባለሙያ እንደሚጠየቁ ሁሉ፣ የቅርስ ባለሙያም ከቁፋሮው በፊት ይጠየቅ። ቦይ ሲቆፍሩ የተጠረበ እንጨት የሚያገኙ ገበሬዎችና ሠራተኞችም ሳያደርቁት፣ በእርጥብ ጭቃ ሸፍነው ለአካባቢያቸው የባህልና የቅርስ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ።